የአራት ወሩ ታንክ፦ አንድ ሞዴል ሁለት ጊዜ የቀባሁበት ምክንያት

ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ቲ-34-85 ቆሟል፤ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሶቪየት ታንክ የፕላስቲክ ሞዴል ነው። ስኬሉ 1/35 ነው። የእውነተኛው ታንክ ወርድ 3 ሜትር ነው፤ የእኔው 8.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ይህን ሞዴል ሁለት ጊዜ ቀብቼዋለሁ። የመጀመሪያው ቅብ 5 ሳምንት ወሰደብኝ። የማውቀውን ዘዴ ሁሉ አፈሰስኩበት። ከዚያ አንድ ማታ አልኮል ውስጥ ነክሬ ሁሉንም አወረድኩት።

ለምን እንዳወረድኩት፣ ሁለተኛውን እንዴት እንደሠራሁና የት የት እንደተሳሳትኩ በዝርዝር ልጽፈው ፈለግኩ። ነገሩ ስለ ዌዘሪንግ ነው። ሞዴሉ አሁን ከሳጥን የወጣ አሻንጉሊት እንዳይመስል፣ ፀሐይ፣ ዝናብ፣ አቧራ፣ ናፍጣና የሰው ጫማ ያለፈበት ብረት እንዲመስል ማድረግ ማለት ነው። ሞዴል የሚሠራ ሰው ሁሉ ይሞክረዋል። እኔም ለዓመታት ስሠራው ኖሬያለሁ። ግን ይሄ ታንክ እስኪመጣ ድረስ ዋናውን ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያው ቅብ

ሞዴሉን ስገጣጥም ደህና ነበርኩ። መጋጠሚያዎቹን በስቱኮ ሞላሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ። የቀኙን የፊት ፓራፋንጎ በስለት አሳስቼ፣ ትንሽ አሙቄ አጠፍኩት። ግንብ የገጨ እንዲመስል ነው። በጣም ወደድኩት። ይህን ፓራፋንጎ አስታውሱልኝ፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ከዚያ ቀለም። መጀመሪያ በላከር ፕራይመር፣ ለቀለሙ መሠረት በሚሆነው ቅብ፣ ቀባሁት። ላዩ ላይ የዝገት ቀለም ደረብኩ፣ በቫርኒሽ ዘጋሁ፣ ከዚያ የፀጉር ስፕሬይ ነፋሁበት። በላዩ አረንጓዴውን አክሪሊክ በኤርብራሽ፣ ቀለምን በአየር በሚነፋ ትንሽ መሣሪያ፣ ቀባሁ። አረንጓዴውን ደግሞ እንዳለ አልተውኩትም። የእያንዳንዱን ጠፍጣፋ ክፍል የላይኛውን ጠርዝ ነጣ፣ የታችኛውን ጠቆር አደረግኩ። ሞዱሌሽን የሚባለው ዘዴ ነው። ሲደርቅ ላዩን በውሃ አርሼ በደረቅ ብሩሽ ፈተግኩት። ከሥር ያለው ስፕሬይ ሲሟሟ አረንጓዴው ተላጠና ዝገቱ ብቅ አለ። ደስ ሲል! ያንን ደስታ የቀመሰ ሰው ማቆም ያቅተዋል። እኔም አላቆምኩም። ጠርዞቹን፣ ቱሬቱን (መድፉን የያዘውን ተሽከርካሪ ክፍል)፣ ጎኑን፣ የሞተሩን ክዳን፣ ሁሉንም ላጥኩት።

ቀጥዬ በስፖንጅ ተጨማሪ ጭረት ነካ ነካ አደረግኩ። ከዚያ ጥቁር ቡናማ ዎሽ፣ ስንጥቅና ጥግ ውስጥ የሚገባ በጣም የቀጠነ ቀለም። ከዚያ ከብሎኖቹ ሥር ወደ ታች የሚወርዱ የዝገት መስመሮች። ከዚያ ድራይ ብራሽ፦ ብሩሹን ነጣ ባለ ቀለም ነክሮ፣ በጨርቅ አድርቆ፣ ጠርዞቹን መዳሰስ። ይሄ ዘዴ ዕድሜ ጠገብ ነው። ቤልጂየማዊው ፍራንሷ ቬርሊንደን ከዎሽ ጋር አጣምሮ በዓለም ዙሪያ ያስፋፋው በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ነው። ብዙዎቻችን ከእሱ ሥራዎች ተምረናል። በመጨረሻ ፒግመንት (ደረቅ የቀለም ዱቄት)፣ ጭቃ፣ ማት (የማያብረቀርቅ) ቫርኒሽ።

በመሃል ሁለት ነገር ተበላሸ። ሁለቱንም በሁለተኛው ዙር ስለተጠነቀቅኩባቸው ልናገራቸው።

አንደኛው ጎማዎቹን ከታንኩ ጋር የሚያያይዙት እጆች መሰበር ነው። ዎሹን የማቀጥነው በዋይት ስፒሪት ነው፤ ቀለም ቀቢዎች አኳራጅ የሚሉት ማለት ነው። የታንኩን ሆድ በዎሽ አጥለቀለቅኩት። ፈሳሹ ከጎማዎቹ ኋላ ገብቶ አደረ። እዚያ ውስጥ ፕራይመር አልደረሰም ነበር፤ ባዶ ፕላስቲክ ነው። ሰንሰለቱ ደግሞ እጆቹን ወጥሮ ይዟቸዋል። በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ ተሰብረው አገኘኋቸው። የተወጠረ ባዶ ፕላስቲክ ላይ እንዲህ ያለ ፈሳሽ ሲቆም ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። ዎሽ በቀጭን ብሩሽ ጫፍ ጠብታ ጠብታ እየተደረገ የሚሠራ ነው እንጂ አይፈስም።

ሁለተኛው የጠፋው አቧራ ነው። ሦስት ማታ የለፋሁበትን የፒግመንት አቧራ ለማጽናት ብዬ ማት ቫርኒሽ ነፋሁበት። አብዛኛው ከዓይኔ ፊት ጠፋ። ቫርኒሹ ሲያርሰው ዱቄቱ ጠቆረ፣ ከዚያም ከሥሩ ካለው ቀለም ጋር ተመሳሰለ። ስለዚህ እጥፍ አድርጌ ደግሜ ጨመርኩ። የባሰ ሆነ።

በቃ አለቀ አልኩ። ከሩቅ ሲታይ ያምራል። ፎቶ ላይም ያምራል።

ጥያቄው

ታንኩን ያሳየሁት ዕድሜውን ሙሉ ዶዘር ሲጠግን ለኖረ አንድ ትልቅ ሰው ነው። ስለ ሞዴል ምንም አያውቁም። ስለ ብረትና ስለ ሰንሰለት ግን ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ሞዴሉን ከመሠረቱ ይዘው አዟዟሩት።

«ይሄ ማሽን ስንት ዓመት ሠራ?» አሉኝ።

«አራት ወር፣ ጋሼ» አልኳቸው። ያልኩት እውነት ነው። የማስበው በማርች 1944 (እ.ኤ.አ.) ከፋብሪካ ወጥቶ በጁላይ ቤላሩስ ውስጥ በሚንስክ አካባቢ መንገድ ላይ ያለ ታንክ ነው። ቲ-34-85 መመረት የጀመረው በዚያው ዓመት መግቢያ ላይ ነው። በወቅቱ ከዚያ ብዙ ያረጀ ሊኖር አይችልም።

«ታዲያ በአራት ወር እንዲህ ዛገ?»

መልስ አልነበረኝም።

ጣታቸውን ወደ ሞተሩ ክዳን ቀሰሩ። «እዚህ ላይ ሰው ይወጣል?»

«ይወጣል።»

«ሰው የሚረግጠው ቦታ አይዝግም፣ ልጄ። ያብረቀርቃል። ጥግ ጥጉ ነው የሚቆሽሸው።» ከዚያ ሰንሰለቱን አዩ። ዳር እስከ ዳር ብርቱካናማ አድርጌዋለሁ። «ይሄ የቆመ ማሽን ነው ወይስ የሚሄድ?»

ያን ማታ ታንኩን ፊቴ አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ። ያሉት በሙሉ ልክ ነበር። እኔ የሠራሁት ሞዱሌሽንን፣ የፀጉር ስፕሬይን፣ ዎሽን፣ ፒግመንትን ነው። ታንክ አልሠራሁም። ዘዴዎቹን በተማርኳቸው ቅደም ተከተል ደርድሬ፣ እያንዳንዱን በእያንዳንዱ ቦታ ላይ አደረግኳቸው። አንዱንም ጭረት «አንተን ማን ጫረህ? መቼ?» ብዬ አልጠየቅኩትም።

ከቀለም በፊት ወረቀት

ሞዴሉን ከመንከሬ በፊት ሁለት ቀን ወረቀት ላይ ሠራሁ። የታንኩን ንድፍ ከላይ፣ ከጎንና ከኋላ አወጣሁ። ከዚያ ምን እንደነካው ጻፍኩ።

አምስት ሰው በውስጡ አለ። በክዳኖቹ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። እግረኛ ወታደሮች ላዩ ላይ ተሳፍረው ይሄዳሉ፤ የሶቪየት ጦር የታወቀ ልማድ ነው። ለዚያም ተብሎ በቱሬቱና በጎኑ ላይ የብረት መያዣዎች ተበይደዋል። ስለዚህ መያዣዎቹ በእጅ፣ የሞተሩ ክዳንና ፓራፋንጎዎቹ በቦት ጫማ ይፋቃሉ። በጎኑ ላይ 90 ሊትር የሚይዙ ክብ የናፍጣ በርሜሎች አሉ። ከሞተሩ ጋር በቱቦ አይገናኙም፤ ናፍጣውን የሚገለብጠው ሰው ነው። ሰው ሲገለብጥ ደግሞ ይፈሳል። ከኋላ ሁለት ማርሚታዎች አሉ። ከሥር ሰንሰለቱ አለ። ወቅቱ የእነሱ በጋ ነው፤ መንገዱ አስፋልት የለውም። ዝናብ ጥቂት ነው፣ አቧራ ብዙ።

ቀጥሎ ስሌት ሠራሁ። ይሄን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ስንት ሞዴል ይተርፍልኝ ነበር። በ1/35 ስኬል 1 ሚሊ ሜትር ማለት በእውነተኛው ታንክ ላይ 3.5 ሴንቲ ሜትር ነው። የእኔ የስፖንጅ ጭረቶች ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይሰፉ ነበር። እንግዲህ እውነተኛው ታንክ ላይ መዳፍ የሚያህል ቀለም በየቦታው ተገሽልጧል ማለት ነው። በአራት ወር!

ሌላም አለ። ሞዴሉን የምናየው ከ30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ያ በእውነቱ ዓለም 10.5 ሜትር ርቀት ነው። 10 ሜትር ርቆ ከቆመ መኪና ላይ ምን ይታያችኋል? ቀጫጭን ጭረቶች አይታዩም። የሚታየው አጠቃላይ ቀለሙ ነው፣ አቧራው የቆመበት ቦታ ነው፣ የዘይት እርጥበት ነው፣ የተፋቀ ጠርዝ ነው። ከዚያ በኋላ ለአቧራው ትልቁን ቦታ፣ ለጭረቱ ትንሹን ሰጠሁ። በመጀመሪያው ዙር የተገላቢጦሽ ነበር።

ማውረድ

ብዙ የሚባል ነገር የለውም። ክዳን ባለው የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አይሶፕሮፒል አልኮል ሞልቼ፣ መስኮት ከፍቼ፣ እሳት ከአጠገቡ አርቄ ነከርኩት። ከጥቂት ሰዓት በኋላ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተግኩ። ከታች ያለው አክሪሊክ ሲለቅ ላዩ ላይ ያለው ሁሉ አብሮ ተላጠ። ፕራይመሩ ላከር ስለሆነ ባለበት ቀረ፣ ፕላስቲኩም አልተጎዳም። ቫርኒሹ በወፍራሙ የተነፋበት ቦታ ግን ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የተሰበሩትን እጆች በቀጭን የብረት ሽቦ አጠናክሬ መለስኳቸው። በዚህ ጊዜ ውስጡንም ፕራይመር አስነካሁት።

ሁለተኛው ቅብ

መሠረታዊው አረንጓዴ የሶቪየት ጦር 4ቢኦ የሚለው ቀለም ነው። በትንሹ አነጣሁት። ትንሽ ዕቃ በራሱ ቀለም ሲቀባ ከትልቁ ጠቆር ብሎ ይታያል፤ ርቀትም ቀለምን ያነጣል። ሞዱሌሽኑን ሙሉ በሙሉ ተውኩት። ዘዴው በጥሩ እጅ ሲሠራ ውብ ነው፣ አልክድም። ግን ብርሃኑን ሠዓሊው ነው የሚወስነው። እኔ የምፈልገው መስኮቴ ብርሃኑን እንዲወስን ነው። ስለዚህ በፀሐይ ቀጥታ የሚመቱትን አግዳሚ ቦታዎች ብቻ፣ የቱሬቱን ጣሪያና የሞተሩን ክዳን፣ በጥቂቱ ነጣ አደረግኩ።

የፀጉር ስፕሬዩን አልጣልኩትም። ምርጥ ዘዴ ነው። ግን በአራት ቦታ ብቻ ነፋሁት፦ በፓራፋንጎዎቹ ጠርዝ፣ በሹፌሩ ክዳን ዙሪያ፣ በሞተሩ ክዳን መረገጫና በመሣሪያ ሳጥኑ ጥግ። ከሥሩ ያደረግኩትም ብርቱካናማ ዝገት አይደለም። ጥቁር ቸኮሌት የመሰለ ቡናማ ነው። በቅርቡ የተገለጠና እጅ የሚነካው ብረት ከሩቅ እንዲህ ነው የሚታየው። ቀድሜ በአንድ የፕላስቲክ ማንኪያ ላይ ሞከርኩ። ይህን ሙከራ አትዝለሉት። ላዩ የሚቀባው አክሪሊክ በውሃ መቅጠን አለበት። በአልኮል ወይም በላከር ቲነር ከቀጠነ ስፕሬዩን ሰብሮ ይገባና ከሥሩ ካለው ጋር ይጣበቃል፤ ከዚያ ብትፈትጉት አይላጥም። አንዳንድ አክሪሊኮች ደግሞ እንደ ላስቲክ ቆዳ ይሆኑና በትልቁ ይገሸለጣሉ። የትኛው ቀለም ምን እንደሚሆን ማንኪያው ይነግራችኋል። ቀለሙ በደረቀ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሠራሁት። ውሃ በብሩሽ አስነክቼ፣ ትንሽ ጠብቄ፣ በተቆረጠ ደረቅ ብሩሽና በስቴኪኒ ጫፍ ጫር ጫር አደረግኩ። አንድ ቦታ ላይ 3 ደቂቃ። ከዚያ እጄን አነሳሁ። ማንሳቱ ነው ከባዱ።

ትንንሾቹን ጭረቶች በሁለት ደረጃ በእጅ ሠራኋቸው። ቀለሙን ብቻ የነካ ጭረት ነጣ ባለ አረንጓዴ ነው። እስከ ብረት የደረሰው ጥቁር ቡናማ ነው፤ እሱንም በነጣው ጭረት መሃል ብቻ አስገባሁት። ብዛታቸው ከመጀመሪያው ቅብ አንድ አሥረኛ አይሞላም።

መያዣዎቹን አልላጥኳቸውም። እጅ የያዘው ብረት ቀለሙ በትልቁ አይገሸለጥም፤ ቀስ ብሎ ይሳሳል፣ ላብና ግራሶ ይጠጣል። የእርሳስ ግራፋይት በጣቴ አሸት አድርጌ መሃል መሃላቸውን ዳበስኩ። ለአይን እምብዛም አይታይም። ሞዴሉን ወደ ብርሃን ሲያዞሩት ግን መያዣዎቹ ብልጭ ይላሉ። ከሁሉም ሥራዬ ይሄን በጣም እወደዋለሁ።

ከዚያ ከፊል የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ነፋሁ። ዎሽ ማት ቀለም ላይ ሲደረግ ይሰራጭና የውሃ ጠርዝ የመሰለ ክብ ምልክት ይተዋል። ለስላሳ ላይ ሲሆን ግን ብሩሹን ብሎኑ ሥር ስታስነኩት ፈሳሹ ራሱ ስንጥቁን ተከትሎ ይሮጣል። የተረፈውን ዋይት ስፒሪት በነካ ንጹሕ ብሩሽ ጠረግኩ። ቀለሙን ጥቁር ሳይሆን ጠቆር ያለ ቡናማ አደረግኩት። የአቧራ አገር ቆሻሻ ጥቁር አይደለም።

የዘይት ቀለሙን እንደ ሁልጊዜው ካርቶን ላይ አወጣሁ። ካርቶኑ የተልባ ዘይቱን ይመጥጠዋል፤ ያለዚያ ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ለመድረቅም ሳምንታት ይፈልጋል። ነጭ፣ ኦከር ቢጫና ቡናማ ነጠብጣቦችን እየነካሁ በዋይት ስፒሪት በረጠበ ብሩሽ አደበዘዝኳቸው። በጎኖቹ ላይ ከላይ ወደ ታች ሳብኩ፣ ዝናብ የሚወርደው እንደዚያ ነውና። በአግዳሚ ቦታዎች ላይ ግን ነካ ነካ ብቻ። በመጀመሪያው ቅብ በቱሬቱ ጣሪያ ላይ መስመር ስቤ ነበር። ውሃ በጣሪያ ላይ ወዴት ይፈሳል? እስኪደርቅ 4 ቀን ጠበቅኩ።

አቧራው

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሰጠሁት ለዚህ ነው።

አቧራ ከሰማይ እኩል አይወርድም። የሚያነሳው ሰንሰለቱ ነው። ስለዚህ ከታች ይበዛል፣ ወደ ላይ ይቀንሳል። የቲ-34 ሞተር ከኋላ ነው፣ ማቀዝቀዣው የሚያወጣው አየርም በኋላ ነው የሚወጣው። ታንኩ ሲሄድ ደግሞ ራሱ ያስነሳው ደመና ከኋላው ይከተለዋል። ስለዚህ የኋላው ሰሌዳ አቧራ ከፊቱ በጣም ይበልጣል። ላይኛው ክፍል ላይ ያረፈው በሰው እግር እየተጠረገ ወደ ጥግ ይሰበሰባል። ጋሼ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያሉኝ ይሄንኑ ነው።

መጀመሪያ በጣም የቀጠነ የአፈር ቀለም አክሪሊክ ከታች ወደ ላይ በኤርብራሽ ነፋሁ። የቀለሙ ብዛት ከፈሳሹ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ማስክ አድርጌ። ወዲያው፣ ገና ሳይጠነክር፣ አልኮል በነካ ጠፍጣፋ ብሩሽ የሚረገጡትንና የሚታሹትን ቦታዎች ጠረግኩ። አልኮሉ ከሥሩ ያለውን ቀለም እንዳይነካው ነው ቫርኒሹ ቀድሞ የተነፋው። መጠረጉ ነው ሥራው። አቧራን በመቀባት ሳይሆን ቀብቶ በማንሳት ነው የሰው እግር የሚታየው።

ቀጥሎ ፒግመንት። ሦስት ዓይነት ቀላቀልኩ፦ ነጣ ያለ አሸዋ፣ ግራጫ የሚመታ አፈርና ጠቆር ያለ። አንድ ብቻ ሲሆን ዱቄት ይመስላል። በደረቁ በጥግ ጥጉ አስቀመጥኩ፤ በቱሬቱና በክዳኑ መሃል፣ በመያዣዎቹ እግር፣ በበርሜሎቹ ማሰሪያ ኋላ። የቱሬቱ ብረት በሻጋታ የፈሰሰ ስለሆነ ገጹ ሸካራ ነው፤ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ቀለል ያለ አቧራ ያዘ። ከዚያ በዋይት ስፒሪት የተነከረ ብሩሽ ጠርዙን ብቻ አስነካሁ። ፈሳሹ በራሱ ይሳባል። ብሩሹ ዱቄቱን ከነካው ይሰበስበዋል። እርጥብ እያለ ሁሉም ነገር ጠቁሮ የተበላሸ ይመስላል። መብራቱን አጥፍቼ ተኛሁ። ጠዋት ሲደርቅ ነጥቶ ነበር። ፒግመንትን እርጥብ እያለ አትፍረዱበት። ቫርኒሽ ደግሞ ከዚያ በኋላ አንዲት ጠብታ አልነካውም። ሞዴሉን ከመሠረቱ ይዤ ነው የማነሳው።

ሰንሰለቱ፣ ናፍጣውና ማርሚታው

የቲ-34 ሰንሰለት ማንጋኒዝ ያለው ብረት ነው። ጋሼ እንዳሉኝ ዶዘር ዝናብ መትቶት ካደረ ሰንሰለቱ ብርቱካናማ ይሆናል፤ ትንሽ መንገድ ሲሄድ ግን ይነጻል። የእኔ ታንክ እየሄደ ነው። ስለዚህ ጠቆር ያለ ቡናማ ቀባሁት፣ በአፈር ፒግመንት አቧራ አለበስኩት። መሬት የሚነካውን ክፍል በለስላሳ እርሳስ አበራሁት።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ደስ አለኝ። በብዙ ታንኮች ላይ የሚነዳው ጥርስ የሰንሰለቱን ቀዳዳ ይይዛል። ቲ-34 ግን በተቃራኒው ነው፤ የሰንሰለቱ መሃል ላይ ያሉትን ቀንዶች በሮለር ይገፋቸዋል። ቀንዶቹ ያለማቋረጥ ይታሻሉ ማለት ነው። ስለዚህ ማብረቅረቅ ያለባቸው እነሱ ናቸው። ጎማዎቹ ዙሪያቸው ላስቲክ ስለሆነ የሚሄዱበት የሰንሰለቱ የውስጥ ገጽ ግን የብረት ጎማ እንደሚሄድበት አይፋቅም፤ ጠቆር ብሎ ይቀራል። በመጀመሪያው ቅብ ሁለቱንም እኩል ብር አድርጌያቸው ነበር።

ናፍጣውን በሁለት ዕድሜ ሠራሁት። የድሮው ፍሳሽ ከአቧራው በፊት ገባ፤ ቡናማ ዘይት ቀለም፣ ማት። አቧራው ላዩ ላይ ተቀመጠና ጠቆር ያለ ድፍርስ ምልክት ሆነ። የዛሬውን ፍሳሽ ግን ሁሉም ካለቀ በኋላ ጨመርኩ። ቡናማና ጥቁር ዘይት ቀለም ከሚያብረቀርቅ ኢናሜል ቫርኒሽ ጋር ቀላቅዬ፣ ከአንዱ በርሜል አፍ ወደ ፓራፋንጎው አወረድኩት። አቧራውን ቆርጦ የሚሄድ አንድ እርጥብ መስመር ነው። አንድ ብቻ። በሁለት ቢሆን ይደክማል።

ማርሚታዎቹ ላይ ዝገት ፈቀድኩ። ሙቀት ቀለሙን ያቃጥለዋል፣ ስለዚህ በሳምንታት ውስጥ መዛጋቸው ትክክል ነው። ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ላዩ ላይ ስስ ብርቱካናማ ፒግመንት፣ አፋቸው ላይ ጥቁር ጥላሸት። በታንኩ ላይ ያለው እውነተኛ ዝገት እዚህ ብቻ ነው። ምናልባትም ለዚያ ነው ዓይን የሚስበው።

ለታችኛው ሆድ ጭቃ እንዲሆን ጀሶ፣ ፒግመንትና አክሪሊክ ሙጫ ቀላቅዬ በጎማዎቹ ኋላ አስቀመጥኩ፣ ደርቆ የተሰነጣጠቀ እንዲመስል። ከዚያ በላይ አልሄድኩም።

መልሶ ማሳየት

ከ7 ሳምንት በኋላ ለጋሼ ወሰድኩላቸው። ብዙ ዝም አሉ። ከኋላ ጀመሩ። ማርሚታውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰንሰለቱን ወደ መስኮቱ አዙረው ቀንዶቹን አዩ። «ይሄስ ይሄዳል» አሉ። ልቤ ሞላ።

ከዚያ ወደ ፊት መጡና ቆሙ። በጥፍራቸው የቀኙን ፓራፋንጎ ጠቆሙ፤ ያጠፍኩትን።

«ይሄ ተጋጭቶ ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ላሜራው ታጥፎ ቀለሙ እንዴት ደህና ቀረ?»

ሞዴሉን ተቀብዬ ቀረብ አድርጌ አየሁ። ጠርዙ ላይ የስፕሬይ ጭረት አለ። እጥፋቱ ላይ ግን አረንጓዴው ከጫፍ እስከ ጫፍ ምንም አልሆነም፤ አቧራው እንኳ በላዩ ላይ እኩል ተኝቷል። ብረቱ ከመቀባቱ በፊት የታጠፈ ይመስላል። በእርግጥም እኔ ያጠፍኩት ከመቀባቱ በፊት ነበር።

ያን ማታ ትንሿን ብሩሽ አወጣሁ። በእጥፋቱ ርዝመት ሦስት ቀጫጭን ነጣ ያሉ አረንጓዴ መስመሮች፣ በመሃላቸው ጥቁር ቡናማ፣ በአንዱ ጫፍ ላይ ደግሞ ከሁለት ቀን የማይበልጥ ዝገት የመሰለ ስስ ብርቱካናማ። አቧራውን ከዚያ ቦታ በረጠበ ብሩሽ አነሳሁ። 20 ደቂቃ አልፈጀም።